ሌሊት የማያስተኛችሁ ድምፅ እና ሕጉ፦ ተከራይም፣ ባለቤትም፣ አከራይም ሊያውቁት የሚገባ



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ውስጥ "ዶክተር፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ምን ልውሰድ?" የሚለው በጣም ብዙ ነው። እኔ ደግሞ መድኃኒት ከማንሳቴ በፊት አንድ ጥያቄ መልሼ እጠይቃለሁ፦ "የምትተኛበት ክፍል መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?" ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ከዚያ ግን ይቀጥላል፦ "ከሥር ግሮሰሪ አለ"፣ "ፊት ለፊት ሕንፃ እየተሠራ ነው፣ ኮንክሪት የሚሞሉት ሌሊት ነው"፣ "ጎረቤት ብረታ ብረት ቤት ከፍቷል"፣ "ከላይ ያለው ሰውዬ ፊኒሺንግ የሚያሠራው ማታ ማታ ነው"። መጨረሻው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ "ምን ይደረጋል ዶክተር፣ ከተማ ነው።"

ዛሬ የምጽፈው ለዚህ "ምን ይደረጋል" ለሚለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅን የሚገዛ ሕግ አለ። ቁጥር አለው፣ ሰዓት አለው፣ አቤት የሚባልበት ቢሮም አለው። እኔ ሐኪም ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ነዋሪ ማወቅ ያለበት ነገር ብዙም የሚከብድ አይደለም።

🔊 መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው በተለመደው ድምፅ ሲያወሩ ወደ 60 ይደርሳል። መኪና የሚበዛበት አስፋልት ዳር ስትቆሙ ከ75 እስከ 85 ትሰማላችሁ። ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር አጠገብ ከሆናችሁ ወደ 100 ይጠጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም። 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ይሆናል፤ ጆሯችን ደግሞ እጥፍ ገደማ የጨመረ አድርጎ ይሰማዋል። 20 ሲጨምር ጉልበቱ 100 እጥፍ ነው። ስለዚህ የግሮሰሪው ባለቤት "ትንሽ ነው እኮ ያለፈው፣ ከ45 ወደ 65 ነው" ቢላችሁ፣ ያች "ትንሽ" የምትባለው መቶ እጥፍ ናት።

አሁን ወደ ሕጉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ደረጃ ሊወጣላቸው ከሚገቡ የብክለት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የሀገራችን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣው የድምፅ ደረጃ ደግሞ ይህን ይላል፦

👉 የመኖሪያ አካባቢ፦ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል
👉 የንግድ አካባቢ፦ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል
👉 የኢንዱስትሪ አካባቢ፦ ቀን 75፣ ሌሊት 70 ዴሲቤል

"ቀን" የሚባለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። "ሌሊት" የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። ይህችን ሰዓት በደንብ ያዟት፤ ምክንያቱም ሰፈር ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። አንዱ "እስከ 6 ሰዓት ይፈቀዳል" ይላል፣ ሌላው "ቅዳሜ ሕግ የለም" ይላል። ደረጃው ቅዳሜን ከሌላው ቀን አይለይም። "ቀን ከሆነ የፈለጉትን ያህል ማስጮህ ይቻላል" የሚለውም ልክ አይደለም፤ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ቀንም ቢሆን ጣሪያው 55 ነው። ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ነርስ፣ ጥበቃ፣ አራስ፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ የሌሊቱ ለምን 45 ሆነ? የዓለም ጤና ድርጅት ለጥሩ እንቅልፍ የመኝታ ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። መስኮታችሁን ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ ብትተኙ ግድግዳውና መስኮቱ ከውጭው ድምፅ ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሱላችኋል። ውጭ 45 ከሆነ ውስጥ 30 ይደርሳል ማለት ነው። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰው መስኮቱን ከፍቶ፣ ንጹሕ አየር እያገኘ መተኛት እንዲችል ነው።

🫀 ተኝታችሁም ሰውነታችሁ ይሰማል

"ለምጄዋለሁ ዶክተር፣ አሁን አይቀሰቅሰኝም" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከጊዜ በኋላ አንጎል ለተደጋጋሚ ድምፅ መንቃቱን ይቀንሳል። ልብና ደም ሥር ግን በዚያው ልክ አይለምዱም። ተኝታችሁ ሳለ ከባድ መኪና ሲያልፍ ወይም ድንገት ክላክስ ሲነፋ፣ ዓይናችሁን ሳትገልጡ የልብ ምታችሁ ይጨምራል፣ የደም ግፊታችሁ ለአፍታ ከፍ ይላል። ሰውነት "አደጋ መጣ" ብሎ አድሬናሊን ይለቃል። ይህ በሌሊት ሠላሳ አርባ ጊዜ፣ በዓመት ሦስት መቶ ሌሊት ቢደጋገም ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ጤነኛ ሰው ሌሊት ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ይህ የልብና የኩላሊት የእረፍት ሰዓት ነው። ሌሊት ግፊታቸው የማይወርድ ሰዎች ለስትሮክና ለልብ ሕመም የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። በስድስት ትላልቅ የአውሮፓ ኤርፖርቶች ዙሪያ የሚኖሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደም ግፊት የመገኘቱ ዕድል በ14 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

አንዲት በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ እናት አሉኝ። ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት በትክክል ይወስዳሉ፣ ጨው ቀንሰዋል፣ ጠዋት ጠዋት ይራመዳሉ። ግፊቱ ግን አልታዘዝ አለ። የ24 ሰዓት መለኪያ አሰርን። ቀን ደህና ነው፤ ሌሊት አንድም ጊዜ አልወረደም፣ እንዲያውም ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ላይ ከቀኑ ይበልጣል። ልጃቸው ግራፉን ሲያየው "ይሄማ የግሮሰሪው ሰዓት ነው" አለ። ድምፁ ብቻ ነው ያሳመማቸው አልልም፤ ዕድሜም ዘርም አለበት። ግን ከመንገድ ወደ ጓሮ ክፍል ተዛውረው መተኛት ከጀመሩ በኋላ፣ መድኃኒቱን ሳንለውጥ ሌሊቱ ረገብ ብሏል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ግሮሰሪው ስፒከሩን ወደ ውስጥ አዞረ። እንዴት እንዳዞረ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ልጆችንም እንይ። ኒውዮርክ ውስጥ ማንሃተን ላይ ባቡር ከመስኮቱ አጠገብ የሚያልፍበት አንድ ትምህርት ቤት ነበር። አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባቡሩ በሚያልፍበት በኩል የሚማሩትን ልጆችና ጸጥ ባለው በኩል ያሉትን የንባብ ውጤት አወዳደሩ፤ ጥናቱ በ1975 እ.ኤ.አ. ወጣ። በጫጫታው በኩል ያሉት፣ 6ኛ ክፍል ሲደርሱ በአንድ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ትምህርት ቤቱ አንድ፣ ሰፈሩ አንድ። ከዚያ ባቡሩ ሐዲድ ሥር ጎማ ተነጠፈ፣ ክፍሎቹ ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ ተሠራላቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ ጥናት ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። "ልጄ ደካማ ነው" የምትሉ ወላጆች፣ የሚያጠናበትን ክፍል አንድ ማታ ገብታችሁ ቁጭ በሉበት።

📱 በስልክ መለካት ይቻላል?

ለግምት ያህል አዎ። አይፎን ያላችሁ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ኒዮሽ የሠራው ነጻ የድምፅ መለኪያ አፕ አለ። አንድሮይድ ላይ ብዙ አፕ አለ፣ ግን የስልኩ ማይክ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ በብዙ ዴሲቤል ሊስት ይችላል። ስለዚህ የስልክ ንባብ ሕጋዊ ማስረጃ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ሕጋዊውን ልኬት የሚወስደው ባለሙያ በተስተካከለ መሣሪያ ነው። የስልኩ ጥቅም ሌላ ነው፦ "ይጮኻል" ከማለት "ሐሙስ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መስኮቴ ጋ ወደ 70 ያሳያል" ማለት ቢሮ ውስጥ ሰው ቀና ብሎ እንዲያያችሁ ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። መለኪያዎቹ "ኤ" በሚባለው ማጣሪያ ስለሚሠሩ ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም የጭፈራ ቤቱን "ዱም ዱም" አሳንሰው ነው የሚቆጥሩት። ግድግዳ አልፎ የሚመጣው ግን በዋናነት እሱ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ደረታችሁ ላይ ግን ከተሰማችሁ አላበዳችሁም። ለባለሙያው "ወፍራሙን ድምፅ ለይታችሁ ለኩልኝ" በሉ፣ ንዝረቱንም አብራችሁ አመልክቱ።

📝 ነዋሪ ከሆናችሁ መንገዱ እንዴት ነው?

መጀመሪያ ሰውየውን ማናገር። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስጮኸው ሰው እናንተ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሰማ አያውቅም። ሌሊት በንዴት ፒጃማ ለብሳችሁ አትውረዱ። ጠዋት፣ ቡና ሰዓት ላይ፣ በረጋ መንፈስ ሂዱ። ከቻላችሁ አንድ ምሽት ቤታችሁ መጥቶ ራሱ እንዲሰማ ጋብዙት። ያችን እናት ያሳረፈቻቸው ይህች ናት፤ ልጃቸው የግሮሰሪውን ባለቤት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እናቱ አልጋ አጠገብ አስቀመጠው። ሰውዬው ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ስልክ አውጥቶ "አንተ፣ ቀንሰው" አለ። በማግስቱ ስፒከሩ ከበረንዳ ወደ ውስጥ ገባ።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም፤ አውቃለሁ። እምቢ ካለ የሚከተለውን አድርጉ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና አንብቡት። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ይኖራቸዋል፣ ማኅበሩም ደንብ ያወጣል። ስንት ብሎክ ኮሚቴ ደንቡን ካቢኔት ውስጥ ቆልፎበት ስለ ውኃ ፓምፕ ብቻ እንደሚጨቃጨቅ እኔም አይቻለሁ። ደንባችሁ ስለ ድምፅ ምንም የማይል ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ይጨመር በሉ፦ ግድግዳ መብሳት፣ ሴራሚክ መቁረጥ፣ ጄኔሬተር፣ በረንዳ ላይ ሙቀጫ መውቀጥ በስንት ሰዓት ይቆማል የሚለው በግልጽ ይጻፍ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝበት።

ሌሊት ላይ በድንገት የሚያውክ ነገር ከሆነ ፖሊስ መጥራት ትችላላችሁ። የወንጀል ሕጋችን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ ውስጥ የሰውን ሥራ ወይም እረፍት በጩኸት ማወክን ያስቀጣል። "ይሄ የፖሊስ ጉዳይ አይደለም" የሚላችሁ ካለ በትሕትና ይህን አስታውሱት።

በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ግን መሄድ ያለባችሁ ወደ አካባቢ ጥበቃ ነው። ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አለው፣ በታች እርከኖችም ይሠራል። የደንብ ማስከበር ሠራተኞችም ሰፈር ድረስ የሚደርሱ ናቸው። አዋጅ 300/1995 ላይ በጣም የምወደው ነጥብ ይኸውና፦ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ብክለት በሚያደርስ ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ተከራይም ብትሆኑ፣ ካርታ ባይኖራችሁም፣ ከሰፈሩ ብትወጡም እንኳን። "አንተ የቤቱ ባለቤት አይደለህም፣ ምን አገባህ?" የሚል መልስ በሕጉ ቦታ የለውም። አቤቱታ ከቀረበ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው የምለምናችሁ፦ በቃል አትመለሱ። ጽፋችሁ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያች ወረቀት ነው።

ምን ብለን እንጻፍ ለምትሉ፣ እንዲህ ያለ አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦

"በወረዳ ___ ቀበሌ ___ ልዩ ቦታው ___ በሚባለው የሚገኘው የንግድ ቤት፣ ከ___ ቀን ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እስከ ሌሊቱ ___ ሰዓት በከፍተኛ ድምፅ ሙዚቃ በማሰማት የእኔንና የቤተሰቤን እረፍት እያወከ ይገኛል። ድምፁ የተሰማባቸውን ቀናትና ሰዓታት ዝርዝር አያይዣለሁ። በቤታችን የደም ግፊት ሕመምተኛ ስላሉ የሕክምና ማስረጃ አያይዣለሁ። ባለሙያ ተልኮ በሌሊት ሰዓት ልኬት እንዲወሰድና በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ውሳኔ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።"

"በሌሊት ሰዓት" የምትለዋን ቃል አትርሷት። አለበለዚያ ባለሙያው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መጥቶ፣ ጸጥ ያለ ግሮሰሪ ለክቶ ይመለሳል። 😅 የቀናቱ ዝርዝር ቢያንስ የሁለት ሳምንት ይሁን፤ ቀን፣ የጀመረበት፣ ያቆመበት፣ ምን ዓይነት ድምፅ። ጎረቤቶች ከፈረሙበት ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው። የሕክምና ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ "ድምፅ አሳመመው" ብሎ ሊጽፍ አይችልም፣ ያለባችሁን ሕመምና እንቅልፍ ለሕመሙ አስፈላጊ መሆኑን ግን መጻፍ ይችላል።

🏠 የቤት ወይም የሕንፃ ባለቤት ከሆናችሁ

አንዳንድ አከራዮች "እኔ አከራየሁ እንጂ አላስጮህኩም" ይላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 የሚናገረው ግን ለባለቤቱ ነው። ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክም መጉዳትም የለበትም ይላል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስም ጠርቶ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ይከለክላል። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሕግ ነው! ልኩን ለመወሰንም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ይታያል። መርካቶ ውስጥ የሚታለፈው ድምፅ ሲኤምሲ ጓሮ ላይታለፍ ይችላል።

ስለዚህ ምድር ቤታችሁን ለጭፈራ ቤት፣ ለእንጨት ሥራ ወይም ለወፍጮ ቤት ከማከራየታችሁ በፊት ውሉ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ተከራዩ የድምፅ ደረጃውን እንደሚያከብር፣ ካላከበረ ውሉ ሊቋረጥ እንደሚችል። ለሁለት መስመር ጠበቃ ቢያስከፍላችሁም ከጎረቤት ጋር ለአምስት ዓመት ከመካሰስ ይረክሳል። ሌላው፣ የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በአዋጁ መሠረት አስቀድሞ ሳያስታውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ሳይዝ ግቢ ገብቶ ማየት ይችላል። "ቀጠሮ አልያዘም" ብላችሁ በር ላይ አታቁሙት።

ሳውንድ ፕሩፍ ሲባል የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ አሉ። እሱ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንሳል፤ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን ድምፅ ግን አያቆምም። ድምፅን የሚያቆመው ክብደትና ክፍተት አለመኖር ነው፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ድርብ መስታወት፣ ሥሩ ያልተከፈተ በር። ጄኔሬተርን ወይም ፓምፕን ከሥሩ ወፍራም ጎማ አድርጋችሁ ከሕንፃው ምሰሶ ብትለዩት ብቻ ንዝረቱ ብዙ ይቀንሳል። ከሁሉ የሚረክሰው ግን ስፒከሩን ከበረንዳ ማንሳት ነው።

ሕንፃ የምታስገነቡም፣ ኮንክሪት አንዴ ከተጀመረ መሀል ላይ እንደማይቋረጥ አውቃለሁ። ግን የሚሞላበትን ሌሊት ለጎረቤት ከሦስት ቀን በፊት መንገር ምንም አያስከፍልም። ሰው የሚታመመው በማያውቀውና ሊቆጣጠረው በማይችለው ድምፅ የበለጠ ነው፤ ይህም በጥናት የታየ ነው።

🕌⛪ ስለ ጸሎት፣ ስለ ሠርግና ስለ ለቅሶ

ይህን ዘልዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ከሁሉ የበለጠ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ጆሮና ልብ ሃይማኖት አይለዩም። 90 ዴሲቤል ከየትኛውም ሞንታርቦ ቢወጣ 90 ነው። በዚያው ልክ ደግሞ ጸሎትን፣ አዛንን፣ ቅዳሴን፣ ለቅሶን ከጭፈራ ቤት ጋር አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ክስ ይዞ መሮጥ ሰፈርን ያፈርሳል። እኔ ያየሁት የተሳካ መንገድ አንድ ነው፦ የራሱ የእምነቱ ተከታይ የሆነ፣ የተከበረ ሽማግሌ ከኮሚቴው ጋር ይነጋገራል፣ የሚጠየቀውም "ዝጉ" ሳይሆን "ስፒከሩን ወደ ውስጥ አዙሩት፣ ሌሊት ላይ ዝቅ አድርጉት፣ እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ" የሚል ነው። የለቅሶና የሠርግ ድንኳንን በተመለከተ ደግሞ፣ ሦስት ቀን ነው፣ የነገ ባለተራ እኛው ነን። ልማዱን ሕጉም ከግምት ያስገባዋል። ችግር የሚሆነው ድንኳኑ ውስጥ ላለው ሰው የሚበቃ ድምፅ ለሁለት ቀበሌ ሲከፈት ነው።

ውጭ ሀገር ለምትከታተሉኝ በአጭሩ፦ የምትኖሩበት ከተማ የራሱ ደንብ አለው፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። ለምሳሌ ኒውዮርክ ከንግድ ቤት የሚወጣ ሙዚቃ የሚለካው እናንተ ቤት ውስጥ ሲሆን ከ42 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ግንባታ በሥራ ቀናት፣ ልዩ ፈቃድ ከሌለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው የሚፈቀደው። አቤቱታው 311 በመደወል ነው። ቤት ውስጥ ድግስ የምታዘጋጁም በዚሁ ትዳኛላችሁ። 🙂

👂 የሚያስጮኸው ሰውም ሕመምተኛ ነው

ስለ ጎረቤት ስናወራ የሚረሱት የብረታ ብረት ቤቱ ልጆች፣ ዲጄውና አስተናጋጇ ናቸው። 85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል። ከዚያ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ግራይንደር ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚውል ልጅ የዕለት ልኩን ቁርስ ሳይበላ ነው የሚጨርሰው። የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሰል ሴሎች ከሞቱ አይተኩም፣ መድኃኒትም የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለጭፈራ ቤቶችና ለኮንሰርቶች ያወጣው መመሪያ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። የንግዱ ባለቤት ድምፁን ሲቀንስ የሠራተኞቹን ጆሮም እያዳነ ነው። ብረት ለሚቆርጥ ሠራተኛ የጆሮ ማፈኛ መግዛት ደግሞ የአንድ ቀን ምሳ ያህል ወጪ ነው።

🌙 አቤቱታው እስኪያልቅ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

ቢሮው 30 ቀን አለው፣ እናንተ ግን ዛሬ ማታም መተኛት አለባችሁ። አልጋችሁን ከመንገድ ወይም ከጋራ ግድግዳ አርቁ፤ ከተቻለ መኝታውን ወደ ጓሮ አዙሩት። በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጎማ ወይም በሲሊኮን ዝጉ፤ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ የመስታወቱን ሥራ ታበላሻለች። ከፋርማሲ የሚሸጠው ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ በትክክል ከገባ ጥሩ ይሠራል፦ በጣት አሽታችሁ አቅጥኑት፣ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፣ እስኪነፋ ያዙት። ጥጥ ብዙም አይጠቅምም። ሕፃን ያላችሁ እናቶች ግን አንዳችሁ ብቻ ተጠቀሙ፤ ልጁን የሚሰማ ሰው ይኑር።

የእንቅልፍ ኪኒን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ። ዲያዜፓምን የመሰሉ መድኃኒቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጥገኛ ያደርጋሉ፣ አረጋውያንን ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ይጥሏቸዋል። ድምፁን ለማሸነፍ በሙዚቃ ኢርፎን አድርጎ መተኛትም ጆሮን በጆሮ መምታት ነው።

ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ ግን አቤቱታውን ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፦ ጆሯችሁ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ድምፅ ካለ፣ ሰው ሲያወራ "ምን አልክ?" ማለት ካበዛችሁ፣ ግፊታችሁ በመድኃኒት ከ140/90 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ከሦስት ሌሊት በላይ ሆኖ ሦስት ወር ካለፈ። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ ግን ያንኑ ቀን ሂዱ፤ ሕክምናው በፈጠነ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ የድምፁን ቀንና ሰዓት የጻፋችሁበትን ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ለወረዳው ብቻ ሳይሆን ለእኛም ይጠቅመናል።